ቁጥር 714፣ ከላይ ሲታይ

የምስል ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ቀጨኔ ጣራውን ያጥባል። ሰዉ መሰላል ከጎረቤት ተዋውሶ ይወጣና ዓመቱን ሙሉ የተጋገረውን አቧራ፣ የአሞራ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየፈገፈገ ያወርዳል። መውጣት ያልቻለ እኔን ይጠራል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጣራ አጥባለሁ፣ የቤት ቁጥር በቢጫ ቀለም እጽፋለሁ። የቁጥሩ ቁመት አንድ ሜትር መሆን አለበት። ካነሰ ከላይ አይነበብም፤ ያልተነበበ ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

በዕለቱ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ልብስ አይሰጣም፣ ጃንጥላ አይዘረጋም፣ እሳት አይጨስም። ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን በዋዜማው ይመለምላል። አምና አንድ ሰውዬ ችላ ብሎ ቅርንጫፉ ጣራውን ስለጋረደበት ዓመቱን ሙሉ «ዛፍ» ተብሎ ኖሯል፤ ውሃ የሚያስገባለት አጥቶ በጀሪካን ሲያመላልስ ከረመ። ሕጉ አጭር ነው። አንቀጽ አራት፦ «በምስሉ ላይ ያልታየ የለም።» ልጆች ትምህርት ቤት ይሸመድዱታል።

ማርሲላስ እባላለሁ። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ሃያ ስምንቱን ጣራ ላይ ነው የጨረስኩት። ጣራ ላይ የሚውል ሰው ቀና ማለት ይለምዳል። መጀመሪያ አውሮፕላኖቹን ከድምፃቸው መለየት ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ሰዓታቸውን መጻፍ፤ ከዚያ ሳተላይቶቹን። ሳተላይት በቀን አይታይም። ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ብልጭ ብሎ የሚያልፈው። እኔ ግን ማለዳና ምሽት ያየሁትን ይዤ እቆጥርና፣ ቀን በስንት ሰዓት ከአናታችን እንደሚያልፍ በደቂቃ እነግራችኋለሁ። አሥራ ሰባት ደብተር ሞልቻለሁ። በምስል ቀን ቤታችንን የሚያነሣውን መዝጋቢ ሳተላይት «ዓይነ ደረቅ» ብዬዋለሁ፤ እሱም የሚገባው ስም ነው።

መስከረም 26 ቀን 2089 ዓ.ም.፣ በምስል ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናሆም ሞቱ። ቤታቸው ከእኔ ሦስተኛው ነው፤ ቁጥር 714፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ስፋቱ ስድስት በስምንት። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ሶሊያና አርባ ሰባት ዓመት ኖረውበታል። እኔም የመጀመሪያ ቁጥሬን የጻፍኩት እነሱ ጣራ ላይ ነው። ሰባቱ ተጣሞብኝ ጋሽ ናሆም ከታች ሆነው፣ «ልጄ፣ እሱ ሰባት ነው ወይስ እንቅልፍ የጣለው አንድ?» ያሉኝን አልረሳውም።

ለቅሶ ያለ ድንኳን አይሆንም። ድንኳን ደግሞ መንገድ ላይ መትከል ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መንገዱ ከላይ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ስለዚህ የዕድራችን ድንኳን ጫፉ ከቤቱ ጣራ ማዶ ይታሠርና ጣራውንም ግቢውንም አንድ ላይ ይሸፍናል። በምስል ቀን ይህን ማድረግ እብደት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ያፌት በማግሥቱ ከማለዳው ጀምሮ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሸራ እየዞሩ እኔን ይጠብቁ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው እስከ ዛሬ አልጎበጠም፣ ትዕግሥታቸው ግን ድሮም አልነበረም።

«ማርሲ፣ አለፈ ወይስ አላለፈም? አልቃሽ እኮ ፀሐይ ላይ ቆሟል!»

«አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ነው የሚያልፈው፤ ትንሽ ይታገሡ።»

ከእንጦጦ በኩል ደመና ወርዶ ሰፈሩን ግማሽ በግማሽ ከልሎት ነበር። አይቼዋለሁ። ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩ፤ አራት ከሃያ ሲሆን፣ «አልፏል፣ ትከሉ!» አልኩ። የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ቆመ፣ ሴቶቹ ገቡ። እኔም ጠቃሚ ሰው በመሆኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል፣ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ለቅሶ መሃል ቀና አልኩ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ፣ እንባዬ ሳይደርቅ፣ እስክሪብቶ አወጣሁ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «8፡31። ነጭ፣ ሁለት ሞተር፣ ዝቅ ያለ፣ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ። ዕቃ ጫኝ ሳይሆን አይቀርም።» እነዚህን የመጨረሻ አራት ቃላት ዛሬም ሳያቸው ያመኛል።

ጥቅምት 24 ቀን የእትዬ ሶሊያና ስልክ ላይ መልእክት መጣ። ላኪው የገጽታ መዝገብ ቢሮ ነው። «ቁጥር 714። ቤት፦ የለም። የታየው፦ ጊዜያዊ መዋቅር፣ ነጭ፣ ሸራ፣ 8 በ12። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይነሣ። ቦታው ይጸዳል።» ከሥሩ ምስሉ ተያይዟል። ድንኳናችን ነው። ከደጃፉ ላይ ነጠብጣብ የመሰሉት የምናለቅሰው እኛ ነን።

ያን ጊዜ ገባኝ። በደመና የተከለለውን ሰፈር ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ልከው ዝቅ ብለው አንሥተውታል። እኔ አውሮፕላኑን አይቼዋለሁ። በቀለሙ፣ በሞተሩ ብዛት፣ በሰዓቱ ጽፌዋለሁ። ሮጬ «አውርዱ!» ማለት እችል ነበር። ወደ እትዬ ሶሊያና ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«እትዬ፣ ድንኳኑን ትከሉ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ።»

«አውሮፕላኑንም አይቼዋለሁ። ዕቃ ጫኝ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። «አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። ምነው በሰደቡኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ለናሆም ድንኳን ባይተከልለት ኖሮ በምን ዓይኔ ሰው አይ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «አንቺን ልቆጣ አልኩና ቁጣው አልመጣ አለኝ። ሌላ ቦታ ነው ያለው። ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ ወደ ቢሮው። ቁጣዬንም ይዘሽልኝ ሂጂ፣ እኔ ደረጃውን አልችለውም።»

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮት የለውም። ያስተናገደኝ ኬብሮን የሚባል ሰላሳ ዓመት የማይሞላው ትሑት ልጅ ነው። ትሕትናው ነው ደሜን ያፈላው። ቢያመናጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

«በምስሉ ላይ ቤት አይታይም፣ እናቴ።»

«ከድንኳኑ ሥር ነዋ!»

«ከሥር ያለ ነገር በምስሉ ላይ አይታይም።»

«የለቅሶ ድንኳን ነው። ሰው ሞቶ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ምክንያት ግን አይመዘገብም። ቀለምና ስፋት ብቻ ነው የሚመዘገበው።»

«እሺ፣ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል። ቤቱ እዚያው አለ። መጥተህ እየው።»

«ድንኳኑ ከተነሣ ጥሩ ነው፣ ትእዛዙ ተፈጽሟል ማለት ነው» አለና ፈገግ አለ። «አሁን በቦታው ላይ ቤት ካለ ግን ከምስሉ በኋላ የተሠራ ነው። ሕገ ወጥ ግንባታ ይሆናል። እሱ ደግሞ ወዲያው ነው የሚፈርሰው።»

አርባ ሰባት ዓመት የኖሩበትን ቤት ነው እንዲህ ያለኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እጇን በአፏ ጫነች።

«ምስሉ ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሣው?» አልኩት።

«አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት። እዚህ ተጽፏል።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ግን ልጁ መዋሸቱን አያውቅም፣ የተጻፈለትን ነው የሚያነበው። ምስሉን ወደ እኔ አዞርኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ጣራ ላይ የኖረ ሰው ጥላ ማንበብ ያውቃል።

«የድንኳኑ ጥላ ወዴት ነው የወደቀው?»

«ወደ... ወደ ቀኝ።»

«ቀኙ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ነው የሚወድቀው ወንድሜ። ይህ ከሰዓት በኋላ ነው። ሕጋችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ይላል፤ እናንተ ስምንት ተኩል ላይ በአውሮፕላን አንሥታችሁ የጠዋት ሰዓት ጻፋችሁበት። ይኸው አውሮፕላኑ» አልኩና ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ልጁ ጥላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ዕድሜውን ሙሉ ከላይ የተነሣ ምስል ሲያይ የኖረ ሰው ፀሐይ እንዳለች አሁን ገና የነገሩት ይመስል ነበር።

«ይግባኝ ማለት ይችላሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደብተሩ በማስረጃነት ይያዛል።»

«ይግባኙ እስኪታይ ማፍረሱ ይቆማላ?»

«እሱ ሌላ ክፍል ነው።»

ኅዳር 9 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዶዘር መጣ። የዕድሩ ሰው ማለዳውን ተሯሩጦ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን፣ ድስትና ሰሃኑን አውጥቶ ነበር። እትዬ ሶሊያና ወንበር ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጡ። እኔ ግን ሄጄ ዶዘሩ ፊት ቆምኩ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጎረቤቶቼ ያስታውሳሉ፣ ሲነግሩኝ አፍራለሁ። የሠራተኞቹ አለቃ ፀሐይ ያከሰለው ሰውዬ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።

«እኅቴ፣ እኔ ላይ አትጩሂ። ባዶ ቦታ አጽዳ ነው የሚለው።»

«ባዶ ነው?! በዓይንህ አታይም?»

«አያለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ የማየው አይጠየቅም።» ከዚያ ወደ ቤቱ ገባና የጋሽ ናሆምን ባርኔጣ ከግድግዳው ምስማር ላይ አውርዶ አመጣ። ረስተነው ነበር። በሁለት እጁ ይዞ ለእትዬ ሶሊያና ሰጣቸው፤ ጎረቤቶቼ እኔን ከፊቱ ጎትተው ሲያወጡኝ ዶዘሩን በእጁ ምልክት ጠራው።

አርባ ሰባት ዓመት በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ልማድ ነው። ከሰዓት በኋላ በእትዬ ሶሊያና ስልክ ላይ ሪፖርቱ ደረሰ፦ «ጽዳት ተከናውኗል። የፈረሰ ነገር፦ የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ቤት መኖር ጀመሩ። ባርኔጣውን ከመኝታቸው ራስጌ ሰቀሉት። ማታ ማታ «ዛሬስ ምን አለፈ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ደብተሬ ስለተወሰደብኝ በቃሌ እነግራቸዋለሁ። አንድም ቀን ስለ ቤቱ አላነሡብኝም። ያ ነው የሚያቃጥለኝ። በሌላ ሰው ጥፋት ተናድጄ ስጨርስ የራሴን ጥፋት እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

ቤቱ በፈረሰ በአሥራ ስምንተኛው ቀን የይግባኙ ውሳኔ መጣ። አሸንፈናል።

«ምስሉ ከሕጋዊው ሰዓት ውጭ የተነሣ በመሆኑ ተሰርዟል። በቁጥር 714 ላይ ቤት መኖሩ ታኅሣሥ 6 ቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት በሚነሣ የማረጋገጫ ምስል ይጣራል። ቤቱ ከታየ መዝገቡ ይስተካከላል። ካልታየ ቦታው ክፍት ተብሎ ለሌላ ይሰጣል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፣ ኬብሮን ፊት ራሴን አገኘሁት።

«አፍርሳችሁታል እኮ!»

ፋይሉን ፈለገ። «በመዝገባችን የፈረሰ ነገር የለም፣ እናቴ።»

«ያልፈረሰው ስላልነበረ ነው። ያልነበረው ስላልታየ ነው። አሁን ደግሞ ነበረ አላችሁ። ነበረ ካላችሁ ማን አፈረሰው?»

«የማረጋገጫ ምስሉ ላይ ከታየ...»

«ተነሥ!» አልኩት። «ተነሥና አብረን እንሂድ። ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። ዕቃ አልጠይቅህም፣ ገንዘብ አልጠይቅህም፤ ና ቆመህ እይ ነው የምልህ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ በሁለት ዓይኑ!»

ልጁ መነሣት የፈለገ መሰለኝ። እጁ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ከዚያ ለቀቀው።

«ከመሬት የሚታይ ነገር ማስረጃ አይሆንም» አለ። ቀጥሎ ከመሳቢያው ደብተሬን አውጥቶ ሰጠኝ። በየገጹ ማኅተም ተመቶበታል፦ «እውነተኛነቱ ተረጋግጧል።» ይህን ሁሉ ዓመት ስጽፍ የኖርኩት እውነት መሆኑን በዚያች ቀን ከመንግሥት ተነገረኝ። ላመሰግን ይሆን?

እሑድ ጠዋት ዕድሩ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ሽማግሌ እንላክ ያለ አለ፣ አቤቱታ እንጻፍ ያለ አለ፣ ጎበዝ ሆኖ ቢሮውን እንዝጋው ያለም አለ። እትዬ ሶሊያና ባርኔጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስድስት ቀን ነበር የቀረን። ስድስት ቀን ቤት አይሠራም፤ ቢሠራም በየማለዳው ጣራ ለጣራ የሚዞረው ቃኚ ድሮን አዲስ የተተከለ እንጨት ካየ ወዲያው ነው የሚከሰው።

«ግድግዳ አያይም» አልኩ።

«ምን?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ሳተላይቱ። ግድግዳ አያይም። በር አያይም፣ አልጋ አያይም፣ ሰው መኖሩን አያይም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከላይ ሲታይ ቤት ማለት ጣራ ነው። ቆርቆሮና ቢጫ ቁጥር። ለሁለት ሰዓት ጣራ እናሳየው።»

«በምን ላይ አድርገነው? እንጨት እንዳንተክል ብለሽ...»

«እንጨት መትከል ግንባታ ነው፤ ቃኚው ያየዋል። ሰው መቆም ግን ግንባታ አይደለም።»

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ «እኔ ረጅም ነኝ፣ መሃል አድርጉኝ» አለች፤ ነገሩም ተወሰነ።

ቆርቆሮውን ከአጥር ነው የነቀልነው። ከጣራ አንድ ቢጎድል ከላይ ይታያል፤ አጥር ግን ለሰማይ ቀጭን መስመር ነው፣ ማን ይቆጥረዋል። ሠላሳ ስድስት ቅጠል ቆርቆሮ ከሠላሳ ስድስት አጥር መጣ። ሰፈሩ እርስ በርሱ ግቢ ለግቢ ሲተያይ ሰነበተ። አንዱ ዝገት፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የጥይት ቀዳዳ ያለበት ነው። አጠብኳቸው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ቀባኋቸው። በአራቱ ላይ አንድ ሜትር ቁመት ያለው 714 ጻፍኩ። የጣራ ቁጥር ማጭበርበር አምስት ዓመት ያስፈርዳል። ሰባቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ታኅሣሥ 6 ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አራት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሰባ ሁለት ሰው ከየቤቱ ወጥቶ በፈረሰው ቤት መሠረት ላይ ተሰለፈ፤ ለአንድ ቆርቆሮ ሁለት ሰው። ረጃጅሞቹ መሃል ላይ በሁለት ረድፍ፣ አጫጭሮቹ ዳርና ዳር፤ ጣራ ተዳፋት ያስፈልገዋል። ጋሽ ያፌትን ወንበር ላይ ይቀመጡ ብንላቸው፣ «ዳኛችሁ ነኝ ወይስ ዕቃችሁ?» ብለው በምሥራቅ በኩል ያለውን ማዕዘን ያዙ። እትዬ ሶሊያና መሃል፣ አልጋቸው በነበረበት ቦታ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አንሡ!» አልኩ።

ከቆርቆሮ ሥር ሆኖ ሰማይ አይታይም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እላዩ ላይ ነበርኩ፤ እንዲህ ከሥር ሆኜ ስጠብቀው የመጀመሪያዬ ነው። በምስማር ቀዳዳዎቹ ፀሐይ ገብታ በሰዉ ፊት ላይ ነጠብጣብ ሠርታለች። ሰዓቴን ግንባሬ ፊት አድርጌ እቆጥራለሁ። አራት ከሃያ ስድስት ላይ ዓይነ ደረቁ አለፈ፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሌላ ምልክት የለውም።

«አለፈ?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«አልፏል።»

«ታዲያ እናውርድ!»

«ማንም እንዳያወርድ! እስከ ስድስት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ አልፏል ብያችሁ ቤት አስፈርሻለሁ።»

እትዬ ሶሊያና ቀና ብለው አዩኝ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ቆርቆሮው ጋለ። ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከአጠገቤ ያለው ሰውዬ የላቡ ጠብታ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ ሊያብሰው አልቻለም። መጀመሪያ ላይ የቀለደው ሁሉ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እያሰበ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ጥርሱን ነክሶ የሚያስበው ነገር። እኛ ሰባ ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ ሥራ ያለን፣ ልጅ ያሳደግን፣ ሰው መሆናችንን ትተን ጣራ ሆነን ቆመናል። ይህን ያደረገን ሰው ፊት የለውም፣ ብትሰድበው አይሰማም። ተናደድኩ ማለት አይገልጸውም። ያንን ቆርቆሮ ይዞ ያቆመው ክንዴ አልነበረም።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ድምፁ መጣ። ከእንጦጦ በኩል፣ ዝቅ ያለ። ማየት አልቻልኩም፤ አላስፈለገኝምም።

«ሁለት ሞተር» አልኩ። «ነጩ ነው። እሱ ነው። ያዙ!»

ሁሉም ያዘ። በምሥራቅ ማዕዘን የጋሽ ያፌት ትንፋሽ እንደ ወናፍ ይሰማ ነበር። አውሮፕላኑ አናታችን ላይ ደርሶ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠውና ወደ ደቡብ ሄደ። ስድስት ሰዓት እስኪሞላ አላወረድንም።

ውጤቱ በሳምንቱ ደረሰ። እትዬ ሶሊያና መነጽራቸውን ስላላገኙ እኔ አነበብኩት፤ ጋሽ ያፌትም ክንዳቸውን በሻሽ አንጠልጥለው መጥተው ነበር።

«ቁጥር 714። ቤት፦ አለ። ነዋሪ፦ አንድ። መዝገቡ ተስተካክሏል።»

«ተመስገን» አሉ እትዬ ሶሊያና። የደስታ ድምፅ አልነበረም።

«ይቀጥላል» አልኩ። «ማሳሰቢያ። ጣራው በምሥራቅ በኩል ዝቅ ብሎ ታይቷል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ይጠገን። ይህ መልእክት እንደ ጥገና ፈቃድ ያገለግላል።»

ጋሽ ያፌት ጆሮአቸውን አላመኑም። «በምሥራቅ በኩል? ዝቅ ያለው እኔ ነኝ?»

እትዬ ሶሊያና ጋሽ ናሆምን ከቀበሩ ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። አሁን ሳቁ፤ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ባርኔጣውን ፊታቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ፈቃድ ነው ያልሽው?»

«ፈቃድ ነው።»

«እንግዲያ ምን ታያላችሁ?» አሉ። «ጣራውን ጠግኑልኛ።»

በማግሥቱ ማለዳ አካፋና ዶማ ይዘን ወረድን። የመሠረቱን ጉድጓድ ጉልበት ድረስ እንደቆፈርን ቃኚው ድሮን መጣና ከአናታችን ላይ ቆመ። አንድም ሰው ሥራውን አላቋረጠም። እኔ ብቻ ቀና ብዬ ዓይኑን በዓይኔ ጠበቅኩት። ቁጥሩን አጣራ፣ ፈቃዱን አነበበ፣ ዞሮ ሄደ።

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ «2፡50። ቃኚ። አየን። የጣራ ጥገና ነው ብሎ አለፈ።»